«ያላ፣ ባይ» ካሉ በኋላ

ቤይሩት እንደመጣሁ ሰሞን፣ እንግዶች «ያላ፣ ባይ»፣ በሉ እንግዲህ ቻው ማለታቸው ነው፣ ብለው ከሶፋ ሲነሱ ደስ ይለኝ ነበር። ሄዱልኝ ብዬ። የዋህ ነበርኩ! የሊባኖስ ሰው «ያላ» ስላለ ሄደ ማለት አይደለም። መጀመሪያ ሳሎን ይሰናበታሉ። ኮሪደሩ ላይ ደግሞ የአጎት ልጅ ሰርግ ይነሳል። በሩ ተከፍቶ ሌላ ወሬ። ሊፍቱ ሲመጣ አንዱ በእግሩ ይዞት ይቆማል፣ ሌሎቹ ሦስት ሦስቴ ይሳሳማሉ። በዚህ መሃል መብራት ድርግም! ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ሊፍት የለም። «በሉ ግቡ፣ አንድ ቡና እንጠጣ» ትላለች ማዳም። የምታፈላው እኔ ነኛ።

ይሄስ ይሁን። የእሁዱ ታቡሌስ? ሰላጣ ይሉታል እንጂ የፐርሰሜሎ ጫካ ነው። ዘመድ ሁሉ ለምሳ ስለሚመጣ ከጠዋት ጀምሬ ስከትፍ ነው የማረፍደው። አያትየው፣ «ቴታ» ነው የሚሏቸው፣ አጠገቤ ቆመው «ደቀቅ አድርጊው ሐቢብቲ» ይሉኛል። ከዚህ በላይ ከደቀቀ እኮ ዱቄት ነው! ጣቴ አረንጓዴ ሆኖ ይሰነብታል። ደግነቱ፣ ሳልበላ ካዩኝ እሳቸው ናቸው የሚቆጡት።

ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን ፍሪዘሩ ነው። ባለፈው ሌሊት ሙቀቱ አላስተኛ ብሎኝ ቀስ ብዬ ተነሳሁ። ትልቅ የአይስክሬም ዕቃ አገኘሁ። ማንኪያዬን ይዤ ከፈትኩት።

ሙሉኪያ፣ ያ አረንጓዴ የቅጠል ወጥ። እንደ ድንጋይ የደረቀ ሙሉኪያ!