እርማት፦ «በአውሮፓ መሪን መዝለፍ አያስከስስም» ስለሚባለው

በአስተያየቶቹ ውስጥ የተደጋገመው ሐሳብ ባጭሩ፣ መሪን ከስድብ የሚከልል ሕግ ያለው በእስያና በአፍሪካ ብቻ ነው፣ አውሮፓ ውስጥ ግን ያሻን መናገር ይቻላል የሚል ነው። ጸሐፊዎቹን አክብሬ፣ ይህ ስሕተት መሆኑን ልጠቁም። በጀርመን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 90 መሠረት የፌዴራሉን ፕሬዚዳንት በአደባባይ ያዋረደ ሰው ከ3 ወር እስከ 5 ዓመት እስራት ሊፈረድበት ይችላል፤ እርግጥ ክሱ የሚቀጥለው ፕሬዚዳንቱ ሲፈቅዱ ብቻ ነው። የስፔን የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 490 ንጉሡን መስደብን ያስቀጣል። ፈረንሳይ ተመሳሳይ ድንጋጌዋን የሻረችው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ ያውም የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት ከፈረደባት በኋላ።

የቅጣቱ ክብደት እንደሚለያይ አልክድም፤ ንጉሡን መስደብን የሚከለክለው የታይላንድ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 112 ለአንድ ጥፋት እስከ 15 ዓመት ያስፈርዳል። በጀርመንም ሆነ በስፔን የመንግሥትን ፖሊሲ መንቀፍ ወንጀል አይደለም። ሆኖም ትችትንና ስድብን ሳይለይ የተጻፈውን አምኖ በእነዚህ አገሮች የሚኖር ሰው ሳያስበው የፖሊስ መጥሪያ ሊደርሰው ይችላል። ማረጋገጥ ለሚሻ፣ የጀርመን ሕግ ሙሉ ቃል በፍትሕ ሚኒስቴሩ ድረ ገጽ፣ የስፔኑም በመንግሥቱ ይፋዊ ጋዜጣ ድረ ገጽ በነጻ ይነበባል።