የ‹ጤዛ› ‹ዛ› በአንድ እግሯ ቆማለች

ጅማ ውስጥ ካፌ ገብቶ ግድግዳው ላይ የድሮ ፊልም ፖስተር ማየት እየተለመደ ነው። አንዳንዱ ከኢንተርኔት ወርዶ የታተመ ነው። አንዳንዱን ግን የከተማችን ወጣት ዲዛይነሮች እንደ አዲስ ሠርተውታል። ደስ ይላል። እኔን የማይጥመኝ አሠራሩ ነው። የተዋናዩን ፊት ያገዝፉታል፣ ከኋላው የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት፣ ከፊቱ ጀበና ይደቅናሉ። ከዚያ «ሀገርኛ አደረግነው» ይሉናል። ኧረ ፊልሙ ውስጥ ጀበና የለም እኮ!

የቆየ ፖስተር እንደገና የሚሠራ ሰው መጀመር ያለበት ከፊልሙ ነው ባይ ነኝ። የድሮውን ፖስተር ደግሞ ምን ጎድሎታል ብሎ ይየው።

«ጆውስ» የተባለውን የሻርክ ፊልም ፖስተር ውሰዱ። ከላይ የምትዋኝ ሴት፣ ከታች አፉን ከፍቶ ሽቅብ የሚመጣ ሻርክ። ይህ ዝነኛ ሥዕል ራሱ ድጋሚ ሥራ ነው። ፊልሙ በ1975 እ.ኤ.አ. ከመውጣቱ በፊት ታሪኩ የፒተር ቤንችሊ ልቦለድ ነበር። የመጀመሪያውን የመጽሐፍ ሽፋን የሠራው ፖል ቤከን ሲሆን፣ የእሱ ሻርክ ነጣ ያለ፣ ጥርስ የሌለው ቅርጽ ነበር። በኋላ ሮጀር ካስቴል ለርካሹ እትም ሽፋን ሲሥል ሐሳቡን እንዳለ ያዘ። ሻርኩን ግን አገዘፈው፣ ጥርስ በጥርስ አደረገው። ፊልሙም ያንኑ ሥዕል ወስዶ ፖስተር አደረገው። ግራፊክ ዲዛይነሩ ሶል ባስ ደግሞ በ1958 እ.ኤ.አ. ለ«ቨርቲጎ» የሠራውን እዩ። ፊልሙ ከፍታ ስለሚያስፈራው ሰው ነው። ፖስተሩ ብርቱካናማ መደብ ላይ ያለ አዙሪትና ውስጡ ያሉ የወንድና የሴት ቅርጾች ነው፣ በቃ። የኮከቡ ፊት የለበትም።

«ሕዝቡ የሚመጣው ፊት አይቶ ነው» የሚሉ ፕሮዲውሰሮች አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ትኬት መሸጥ አለባቸው። ድጋሚ የሚሠራው ሰው ግን የሚሸጠው ትኬት የለም። ታዲያ ማን አስገድዶት ነው ፊት የሚደረድረው?

መርካቶ አካባቢ የሚሠራ አንድ የማውቀው ልጅ አለ። ቀን ቀን የሠርግ ካርድ፣ ባነር፣ የካፌ ሜኑ ይሠራል። ማታ ፖስተሩ ላይ ይቀመጣል። ፊልሙን ሁለቴ ያያል፣ ሁለተኛውን ድምፁን አጥፍቶ። ከዚያ ወረቀት ላይ የክብሪት ቀፎ የሚያህሉ ሣጥኖች ያሰምርና በየሣጥኑ አንድ ሐሳብ ይሞነጫጭራል። በዚያች መጠን የማይገባ ሐሳብ በትልቁም አይገባም ይላል። እስከዚህ ድረስ ኮምፒውተር አልተከፈተም። መብራት ቢጠፋ እንኳ ሥራው አይቆምም፣ ይህ ደግሞ እኛ ጋ ትንሽ ነገር አይደለም።

በቅርቡ የያዘው የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ያገኘው ፊልም ነው። ጀርመን የተማረው አንበርብር አንድ እግሩን አጥቶ ጣና ዳር ወዳለው መንደሩ ይመለሳል። ልጁ ሐይቁን ሣለ፣ ጀልባውን ሣለ፣ ሁሉንም ጣለው። በመጨረሻ የቀሩት ሁለቱ ፊደላት ብቻ ናቸው። ‹ጤ› እግሯ ሥር ቀለበት አላት አይደል? ያቺን ቀለበት ጠል አደረጋት፣ ልትንጠባጠብ የደረሰች። ‹ዛ› ደግሞ ድሮም የቆመችው በአንድ እግሯ ነው። እሷን ምንም አልነካትም፣ ከ‹ጤ› ትንሽ አራቃት ብቻ። መደቡ የንጋት ሰማይ ይመስላል። ሰው የለም፣ ፊት የለም። አንበርብር ግን አለ።

ፊደሉን በእጁ ነው የሣለው። የእኛ ፖስተሮች ትልቁ ችግር እዚህ ጋ ይመስለኛል። ሥዕሉ ላይ ሳምንት ይፈጅና ርዕሱ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ላይ በተገኘው ፎንት ይጻፋል። ፏ እንዲል ጥላ ይጨመርበታል፣ ዙሪያው በወርቃማ መስመር ይከበባል። ከሁለት መቶ በላይ ቅርጽ ያለው ፊደል ይዘን!

ኅትመቱ ሌላ ጣጣ አለው። ስክሪኑ ላይ የሚያበራው አረንጓዴ ወረቀት ላይ ሲወርድ ደብዝዞ ይመጣል። ስክሪን ቀለም የሚሠራው በብርሃን ነው፣ ማተሚያው ግን ወረቀት ላይ በሚያርፍ የኅትመት ቀለም። ስለዚህ ትልቁን ከማሳተም በፊት በትንሽ ወረቀት አሳትሞ ማየት ይሻላል። ግድግዳ ላይ ለጥፎ ራቅ ብሎ ማየትም አይከፋም፣ ቀጫጭን መስመሮች የት እንደሚጠፉ ያኔ ይታያል።

ልጁ «ጤዛ»ን እስካሁን ለሽያጭ አላሳተመውም። ፊልሙ ባለቤት አለው፣ የቅጂ መብት አዋጁም (ቁጥር 410/1996) አለ፣ ስለዚህ መጀመሪያ ፈቃድ ልጠይቅ ብሏል። ደብዳቤውን አብረን እየጻፍን ነው።