ቦርጭ ያለው ሰው በድሬ ብቻውን አይሄድም

ባለፈው ሳምንት ከከዚራ ወደ ቀፊራ ባጃጅ ያዝኩ። ገና ስቀመጥ ባጃጇ ወደ እኔ በኩል ዘመም አለች። ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ። ፊቴን አይደለም፣ ቦርጬን ነው ያየው።

"ወንድሜ፣ ዳቦ አቁም አቦ!" አለኝ።

አመሰገንኩት። የደቻቱን ወንዝ ሳንሻገር እራትም አስቆመኝ። ቀፊራ ስንደርስ ጠዋት ጠዋት ሎሚ በሞቀ ውሃ እንድጠጣ አዝዞ አወረደኝ። ሂሳብ የተቀበለኝ ለመንገዱ ብቻ ነው።

ሌላ አገር ሂዱና እዩ። ሰው ሲወፍር ዝም ብለው ያዩታል። ከኋላው ያሙት ይሆናል እንጂ ፊት ለፊት አንድ ቃል አይተነፍሱም። እንዴት ያለ ጭካኔ ነው! የድሬ ሰው እንዲህ ዓይነት አንጀት የለውም። ቦርጭህን ካየ ያዝናል። ካዘነ ይመክራል። መምከር ከጀመረ ደግሞ አይለቅህም። ስምህን ሳይጠይቅህ ቁርስህን ይከለክልሃል። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ 94 ኪሎ ላይ ተክዬ ስቀመጥ የተለገሰኝ ምክር ሚዛን ላይ ቢወጣ እኔን ሁለት ጊዜ ይደፋ ነበር።

ታዲያ ለዚህ ውለታ አንድ ሰው እንኳ ብድግ ብሎ "እናመሰግናለን" ሲል ሰምቼ አላውቅም። ዛሬ እኔ ልበል።

ከማንም በፊት ምስጋና የሚገባው የበርጫ ምክር ቤታችን ነው። ከሰዓት በኋላ ከተማው ሲጋይ፣ ሱቁ ሲዘጋ፣ አባላቱ ጫታቸውን ይዘው ፍራሽ ላይ ይሰየማሉ። መጀመሪያ የንግድ ወሬ ይወራል። ምርቃናው ሲገባ ግን ርዕሱ ስፖርት ይሆናል። በምርቃና የደንገጎን ዳገት በሩጫ ያልወጣ የድሬ ልጅ የለም። "ነገ ንጋት 11 ሰዓት ተነስተን ዳገቱን እንመታዋለን፣ በወሩ ሐረር በእግር እንገባለን" ይባላል። ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ያውም ሽቅብ። ማንም አይቃወምም። ንጋት 11 ሰዓት ላይም ከአባላቱ ግማሹ ነቅቶ ይገኛል። ከሌሊቱ ጀምሮ እንቅልፍ ስላልወሰደው ነው።

ምክር ቤቱ የራሱ የሆነ ዳይትም አለው። "ጫት ያከሳል" ይላሉ። ውሸት አይደለም፣ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ብቻ ጫቱ ደረቁን አይወርድም። ለስላሳ ይፈልጋል። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ኮላ 32 ግራም ያህል ስኳር አለው፣ በሻይ ማንኪያ ስምንት ማለት ነው። ሦስት ጠርሙስ 24 ማንኪያ። ሎዙን፣ ኦቾሎኒውን፣ አልቆጠርኩም። ሻዩንም አልቆጠርኩም፣ የድሬን ሻይ ስኳር መቁጠር ጸብ ነው። ማታ ምርቃናው ሲበርድ ደግሞ የታገደው ርሃብ ከነወለዱ ይመጣል። ያኔ ጥብስ ነው፣ ያኔ ፈጢራ ነው። እንግዲህ ዳይታችን ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ምንም እንከን አይወጣለትም።

የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ያድርግ፣ ከዚያ ሌላ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይሥራ ይላል። በሳምንት! እኛ 150 ደቂቃውን በአንድ ከሰዓት እናልፈዋለን። ምላስ ጡንቻ አይደለም ያለ ማነው?

ስለ ላብ ደግሞ ድሬን የሚያስተምር አልተወለደም። ግንቦት ላይ እዚህ አገር ሰው ተቀምጦም ያልበዋል። አንዱ ጎረቤቴ ግን ይሄ አልበቃው ብሎ ሆዱን በላስቲክ ይጠቀልላል፣ ላዩ ላይ ሹራብ ይደርባል፣ ከዚያ በጠራራ ፀሐይ የደቻቱን አሸዋ ይሮጣል። ሲጨርስ መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግቶ የተቀመጠው ልጅ ጋ ሄዶ ይመዘናል። ኪሎ ተኩል ቀንሷል! ሰፈሩ አጨበጨበ። ጎረቤቴም ደስ ብሎት አንድ ሊትር ተኩል ውሃ እዚያው ቆሞ ጨለጠ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ እንደሚመዝን ሁላችንም ተምረናል፣ ግን እንዲህ ባለ ሰዓት ይሄን ማንሳት ነውር ነው። ባለሚዛኑ "አንዴ ልድገምህ?" ቢለው እምቢ አለ። ብልህ ነው። በዚያ ሙቀት ራሱን ስቶ ቢወድቅም አያሳስበውም፤ የወደቀ ሰው ምን እንደሚደረግለት የሚመክሩ አሥር ሰዎች ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይጠብቁታል።

ጂም ገብቼም አላመለጥኩም። እንዲያውም ጂም የምክሩ ጅምላ ማከፋፈያ ነው። በገባሁ ቀን ብረት ከጀመረ ሁለት ወር ያልሞላው አንድ ጎረምሳ ተቀበለኝ። ክንዱ የእኔን ጭን ያህላል። ክንዱን አይቼ አፌን ዘጋሁ፤ እዚህ ከተማ የወፈረ ክንድ እንደ ዲግሪ ነው የሚታየው። ጭኑ ደግሞ የእኔን ክንድ ያህላል፣ ግን እግር ቲሸርት ስለማይለብስ ማንም አያየውም። "ለቦርጭ በቀን 200 ሲት አፕ" አለኝ። ሠራሁ። ከቦርጬ ሥር ጡንቻ ሳይበቅል አልቀረም፣ ቦርጬ ግን ከላይ ተደላድሎ እንደተኛ ነው። ለካ ስብ ከየት በኩል ልሂድ ብሎ ባለቤቱን አያማክርም። ይሄን ለጎረምሳው ብነግረው "300 አድርገው" አለኝ። መፍትሔ አያጣም።

ቀጥሎ ታይዋን ከሚባለው የከተማችን ገበያ ዱቄት መጣ። ድሬ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰላት ጀምሮ ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ እጅ ነስታ ነው የምትቀበለው። ይሄኛው ባልዲ በሚያህል ጣሳ የታሸገ ፕሮቲን ነበር። ጣሳው ላይ የተጻፈውን እኔም ሻጩም አላነበብነውም፣ የተሳለውን ሰውዬ ደረት ግን ሁለታችንም በደንብ አየነው። "ምንም ሳትሠራም ይሠራል" አለኝ። ከዚህ በላይ ምን ይባላል? የአንድ ጊዜው ልክ 24 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው አሉ። አራት እንቁላልም ያንኑ ያህል አለው። ግን አራት እንቁላል በልቶ ጂም ውስጥ ምን ተብሎ ይወራል? ፉል የሚባል ነገርማ ድሃ የሚበላው ነው፤ ፕሮቲን ቢኖረውም አይነገርለትም።

እህቴ አብራኝ ብረት ልትጀምር ስትል ጎረቤታችን እትዬ እየሮጡ መጡ። "አንቺ ልጅ፣ ወንድ ልትሆኚ ነው? ሴት ልጅ ከባድ ነገር አታነሳም!" አሏት። ይሄን ያሉት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ በአንድ እጃቸው አንጠልጥለው ነው። ቤታቸው ሁለተኛ ፎቅ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ይወጣሉ ይወርዳሉ። እስከ ዛሬ ወንድ አልሆኑም፣ እግዚአብሔር ጠብቋቸዋል።

ደግሞ ለጋስነታቸው! ያ ዳቦ አቁም፣ ሥጋ ቀንስ እያለ ጸጉሬን የሚያቆመው ወዳጄ ቤቱ ስሄድ ሌላ ሰው ነው። "በሞቴ!" ይላል። በሞቱ አንድ ሳምቡሳ። እኔ ስሞት ደግሞ ሁለተኛ። ሚስቱ ስትሞት ጉርሻ። አንድ ቤተሰብ ፊቴ ከሚያልቅ ብዬ እበላለሁ። አንድ ጊዜ ጨክኜ ሦስት ኪሎ ብቀንስ ያው ሰውዬ መንገድ ላይ አስቁሞኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ "ምነው ከሳህ? ታመሃል እንዴ?" አለኝ። እሱን ላለማስጨነቅ ሦስቱን ኪሎ መለስኩት።

እንዲህ ባለ ከተማ ጥሩ አማካሪ ያልሆነ ሰው ጎልቶ ይታያል። ከዚራ አንድ ሽማግሌ አሉ፣ የሸሚንደፈር፣ የባቡሩ ድርጅት፣ ጡረተኛ። ሂሳብ ክፍል ነበር የሠሩት። ግቢያቸው ውስጥ ጣሳ ሙሉ ሲሚንቶ ግራና ቀኝ የረጋበት የብረት ቱቦ አለ። እሱን ነው የሚያነሱት። የምክር ችሎታቸው ደካማ እንደሆነ የታወቀኝ ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ነው፤ ጥያቄ ጀመሩ። "ዕድሜህ ስንት ነው? ጉልበትህን ያምሃል? ግፊትህን ተለክተህ ታውቃለህ? ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን በላህ?" ባጃጅ ነጂው በአንድ እይታ የጨረሰውን ጉዳይ እሳቸው ግማሽ ሰዓት ፈጁበት።

ከዚያ ደብተር አወጡ። የተሰመረ ደብተር! ቀን፣ ስንት ጊዜ አነሳሁ፣ በየትኛው ጣሳ። በሳምንት ሦስት ቀን ነው የሚሠሩት። ስምንት ጊዜ ካነሱበት ይጀምራሉ፣ በየሳምንቱ አንድ እየጨመሩ አሥራ ሁለት ሲደርሱ ከበድ ወዳለው ጣሳ ይሻገሩና እንደገና ከስምንት ይነሳሉ። ተቀምጠው መነሳት፣ መግፋት፣ መሳብ፣ ከመሬት ማንሳት። አለቀ። አራት ዓመት ሙሉ ያው ነው። እንዴት አይሰለቻቸውም? በርጫ ላይ ይሄ ሰው ምን ያወራል?

ስለ ምግብ ብጠይቃቸው ደግሞ ሂሳብ ገቡ። "አንድ ኪሎ ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ነው። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ልቀንስ ካልክ በቀን 550 ያህል ጎደል ማድረግ ነው። ሦስቱን ለስላሳ ብቻ ብትተው 380ው ወጣ" አሉኝ። ደነገጥኩ። ሰውዬው ዳቦውን ትተው በምክር ቤታችን በጀት ነው የመጡት። "ሎሚስ?" አልኳቸው። "ሎሚ ጥሩ ነው፣ ሰላጣ ላይ" አሉ።

"መቼ ነው የሚታየው?"

"ስድስት ወር ስጠው።"

ስድስት ወር! የታይዋኑ ልጅ በሁለት ሳምንት ነበር ያለኝ። በመጨረሻ ደረጃ ስወጣ ስለሚጠዘጥዘኝ ጉልበቴ ጠየቅኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁና፣ "እሱን ሐኪም ይይልህ፣ እኔ አላውቅም" አሉ። ድሬ ተወልጄ 41 ዓመት ስኖር ስለ ሰውነት ተጠይቆ "አላውቅም" ያለ ሰው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። አፍሬ ወጣሁ፣ ለሳቸው።

ነገሩን በማግስቱ ለምክር ቤቱ አቀረብኩት። ከባድ ሐዘን ሆነ። ሽማግሌው እንዲመከሩ በአንድ ድምፅ ተወሰነ። አንዱ ጥቁር አዝሙድ በማር ይውሰዱ አለ። ሌላው በዚህ ዕድሜ ሲሚንቶ ማንሳት ልብ ያሰፋል አለ፣ ከየት እንዳመጣው አልተጠየቀም። የሁሉም የበላይ የሆነው ጋሼ ግን ጉልበታቸው ነው ያሳሰበው። "ተቀምጦ መነሳት ያሉት ነገር አይሆንም! ጉልበት ያረጃል፣ ጉልበት በቁጠባ ነው የሚያዝ። እኔን እዩ፣ ጉልበቴን አስቸግሬው አላውቅም" አለ።

ይሄን ብሎ ለመግሪብ ሊሄድ ሲል ከፍራሹ እጁን ዘረጋልኝ። ያዝኩት። አንድ ጊዜ ሳብኩት፣ አልመጣም። ሌላ ሰው ብብቱ ሥር ገባልኝና ሁለታችን እንደምንም ብለን አቆምነው። በዚያ ሳምንት ካነሳሁት ሁሉ ከባዱ እሱ ነበር።