ታይፎይድ ሲገዙ ታይፈስ ይመረቃል

ባሕር ዳር ገበያ ያለ ምርቃት የሚሸጥ ነገር የለም። ሎሚ የምትሸጠው አንድ ፍሬ ጣል ታደርጋለች፤ ጤፍ ሰፋሪው እፍኝ ይጨምራል። ክሊኒኮቻችንም ከገበያው ላለማነስ ታይፎይድ ለገዛ ሁሉ ታይፈስ ይመርቃሉ። «የት ጠፋህ?» ሲባል «ታይፎይድና ታይፈስ ጥለውኝ» ነው መልሱ። ታይፎይድ ብቻውን የያዘው ሰው ከሽምብጥ እስከ ጊሽ አባይ በባጃጅ ቢፈለግ አይገኝም።

በመጀመሪያ ተዋሲያኑ ይመስገኑ። የታይፎይዱ ሳልሞኔላ ታይፊ በተበከለ ውኃና ምግብ በአፍ ይገባል። የታይፈሱ ሪኬትሲያ ፕሮዋዜኪ ደግሞ የልብስ ቅማል ኩስ በታከከ ቆዳ ውስጥ ሲገባ ይተላለፋል። መንገዳቸው ለየቅል ሆኖ ሳለ፣ በየቀኑ፣ በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ሰው ደም ውስጥ እንዲህ ሳይዛነፉ መቀጣጠራቸው ያስቀናል። ታይፎይድ ማለት «ታይፈስ መሰል» ማለት ነው፤ ሐኪሞች ሁለቱን በቅጡ የለዩዋቸው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነበር። እኛ ሽማግሌ ልከን አስታርቀናቸዋል።

የዕርቁ ውል የሚፈረመው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ ምርመራ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1896 ጀምሮ ያለ ነው፤ የታይፈሱ ዌይል ፊሊክስ የ1916 ነው። የዌይል ፊሊክስ ሪኤጀንት (ከታማሚው ደም ጋር የሚቀላቀለው መመርመሪያ ፈሳሽ)፣ ያ ኦኤክስ 19 የምንለው፣ ውስጡ ሪኬትሲያ እንኳ የለበትም። የተሠራው ፕሮቲየስ ከተባለ ሌላ ባክቴሪያ ነው፤ የታይፈስ ፀረ እንግዳ አካል እሱንም ስለሚያጣብቅ ብቻ ያገለግላል። የሌባውን የአጎት ልጅ አቁሞ «ይሄን ይመስል ነበር?» ብሎ እንደ መጠየቅ ነው። ፕሮቲየስ ራሱ የሽንት ቧንቧ ያመመው ሰው ቢመጣም መልሱ ያው ነው፦ «አዎ፣ ይመስላል»።

የዊዳል ስላይድ አሠራር በወረቀት ላይ አድካሚ ነው። ደሙ ከረጋ በኋላ ሴረሙ፣ ማለትም ከላይ የሚቀረው ጥሩ ፈሳሽ፣ በሴንትሪፊዩጅ ይለያል። ሪኤጀንቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ከሚቀመጥበት ፍሪጅ ወጥቶ የክፍሉን ሙቀት ይላበሳል፤ በደንብም ይናወጣል። ከዚያ 80፣ 40፣ 20፣ 10 እና 5 ማይክሮሊትር ሴረም ተለክቶ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ጠብታ ሪኤጀንት ይጨመራል፤ እነዚህ የሴረሙን የቅጥነት ደረጃ ይወክላሉ፤ እንደ ቅደም ተከተላቸው 1፡20፣ 1፡40፣ 1፡80፣ 1፡160 እና 1፡320 ናቸው። አንድ ደቂቃ ይወዛወዛል፣ ተጣብቆ እንደሆነ እዚያው ይነበባል። ጎን ለጎን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ኮንትሮል፣ ማለትም ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ማመሳከሪያ፣ ይሠራል።

የእኛ ሰው ግን ነገር አያንዛዛም። አንድ ጠብታ ሴረም፣ አንድ ጠብታ ሪኤጀንት፣ አለቀ። ኮንትሮሉ በካርቶኑ ውስጥ በሰላም ያርፋል። መብራት ጠፍቶበት ያደረው ፍሪጅ አይጠየቅም። ስላይዱም የስልክ ወሬ እስኪያልቅ በትዕግሥት ይጠብቃል፤ ሲጠብቅ ዳሩ ይደርቃል፣ የደረቀ ጠብታ ደግሞ የተጣበቀ ይመስላል። «ሪአክቲቭ»፣ በሽታው አለ፣ ተብሎ ይጻፋል።

ወግ ቢጠበቅ ኖሮ ታማሚው ከ10 እስከ 14 ቀን በኋላ ድጋሚ ደም ይሰጥ ነበር። 1፡40 የነበረው 1፡160 ከደረሰ፣ ማለትም አራት እጥፍ ካደገ፣ ያኔ ወሬ አለው። ካላደገ ያረጀ ትዝታ ሊሆን ይችላል፤ ዊዳል ከሚለካቸው ሁለት ዓይነቶች («ኤች» እና «ኦ») የ«ኤች»ው ፀረ እንግዳ አካል ሰውየው ከዳነ በኋላ ለረጅም ጊዜ ደሙ ውስጥ ይቆያል፣ የ«ኦ»ውን ሌሎች ሳልሞኔላዎችም ይጋሩታል፣ ወባም ያደናግረዋል። ክሊኒኮቻችን ግን ለደማችን ይሳሳሉ፤ ሁለተኛ አይወጉንም። ለሴፍትሪያክሶኑ፣ ለአንቲባዮቲክ መርፌው፣ ካልሆነ በቀር።

ስሌት ለሚወድ ደግሞ እንዲህ እናስላ። ትኩሳት ያለባቸው 1000 ሰዎች መጡ እንበል፤ እውነተኛ ታይፎይድ ያለባቸው 50 ብቻ ናቸው። ምርመራው ከታመሙት መቶ 70ውን ይይዛል፣ ካልታመሙት መቶ 80ውን በትክክል «ነፃ» ይላል ብለን በቸርነት እንቀበል። ከ50ዎቹ 35ቱን አገኘ። ከ950ዎቹ ግን 190ውን በሐሰት ከሰሰ። 225 ሰው ታይፎይድ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ለ35ቱ ሐቅ ነው፣ ለ190ው ስጦታ።

ስጦታውን ደግሞ ወደን እንቀበላለን፤ ሁሉም ጥፋት የክሊኒኩ አይደለም። «ምንም የለብህም» ተብሎ መመለስ በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ እንዲያ ያለው ክሊኒክ «አያውቁም» ይባላል፣ ታማሚውም መንገዱን ተሻግሮ የሚያውቁት ጋ ይገባል። ዕድሜ ልኩን «ታይፎይዴ ተነሳብኝ» እያለ እንደ ርስት የሚጠራት ሞልቷል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከመስከረም እስከ ኅዳር ድረስ የጣና ዙሪያ ወባ ሥራ ላይ ነው። ከሰሊጥ አረም የተመለሰው የቀን ሠራተኛ ደግሞ በቅማል የሚተላለፈውን ሪላፕሲንግ ፊቨር ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ እየለቀቀ የሚያገረሸውን። ሁለቱም በአንድ ጠብታ ደም፣ በአንድ ብለድ ፊልም (መስታወት ላይ በተቀባ ደም)፣ በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። ግን ዓይን ማፍጠጥ ይፈልጋል፤ ዊዳል በደቂቃ ያልቃል። ሪላፕሲንግ ፊቨሩ ሳይታወቅ አንቲባዮቲክ ቢሰጠው ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ብርድ ብርድ ሊለው፣ የደም ግፊቱ ሊወርድ ይችላል። ሐኪሙ ካወቀ ታማሚውን አስተኝቶ ይከታተለዋል፤ ካላወቀ በባጃጅ ይሸኘዋል።

ትክክለኛው የታይፎይድ ማረጋገጫ የደም ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን ከደም ውስጥ ማብቀል፣ ነው፦ ከአዋቂ 10 ሚሊ ሊትር ያህል ደም፣ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት፣ ከዚያ የቀናት ጥበቃ፤ እሱም ቢሆን ከታመሙት ግማሽ ገደማውን ቢይዝ ነው። ማን ይጠብቃል!

መድኃኒቱም ምርቃቱን ያከብራል። ሴፍትሪያክሶኑ ለሁለቱም ተብሎ ይወጋል፤ ሪኬትሲያ ሴል ውስጥ የሚኖር ስለሆነ ሴፍትሪያክሶን አይነካውም፣ የእሱ መድኃኒት ዶክሲሳይክሊን ነው። ዕድሜ ለምርቃቱ ሐሰትነት፣ የሚጎዳ ታይፈስ እዚያ አልነበረም።

የወረርሽኝ ባለሙያዎቻችንም ይታሰቡ። ታይፎይድም ታይፈስም በየሳምንቱ ሪፖርት ከሚደረጉት ናቸው። መዝገቡ በ«ሪአክቲቭ» ይሞላል፣ ድምሩ ወደ ላይ ይላካል፣ ግራፉ ክረምት ከበጋ ተራራ ሠርቶ ይቆማል። አንድ ሰፈር የውኃ ቧንቧ ከፍሳሽ ጋር ተቀላቅሎ እውነተኛው ታይፎይድ ቢገባ፣ ከዚያ ተራራ ሥር ማን ለይቶ ያየዋል?

ታማሚው ግን ድኗል። ጉንፋኑ በ5ኛው ቀን ለቀቀው፤ ምስጋናው ለመርፌው ደረሰ። ከአንቲባዮቲክ ኪኒኑ የተረፉት 4 ሲፕሮዎችም አልተጣሉም፤ ከቴሌቪዥኑ ኋላ በወረቀት ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ትናንት ማታ የጎረቤት ልጅ አተኮሰው ሲባል ሁለቱ ተላኩለት፣ ሁለቱ ደግሞ ለታይፈሱ።