በሥዕሉ አውሩ፣ አትፈትኑበት

በብዙ ቤት የሥዕል መጽሐፍ ሲከፈት የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ይሄ ምንድን ነው?» ልጁ «ላም» ይላል፣ «ጎበዝ!» ይባላል፣ ገጹ ይገለጣል። ገና ስም ለሚለቅም ሕፃን ይህ ያስኬዳል። የሦስት ዓመት ልጅ ግን ከዚህ በላይ የሚያወራው ሞልቶታል፤ ዕድሉን የምንነሳው እኛ ነን።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ግሮቨር ዋይትኸርስትና ባልደረቦቹ በ1988 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት የፈተሸው ይህንኑ ነው። ዕድሜያቸው ከ21 እስከ 35 ወር የሆኑ ልጆች ወላጆች ለአንድ ወር ያህል ክፍት ጥያቄ (በ«አዎ» ወይም በ«አይ» የማይቋጭ) እያበዙ፣ የልጁንም ቃል እያሰፉ አነበቡ። ልጆቹ በንግግር ችሎታ እንደወትሮው ከተነበበላቸው በልጠው ተገኙ።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ልጁ «ላም» ካለ «አዎ፣ ቀይ ላም፤ ሣር እየጋጠች ነው» በሉት። ሁለት ሦስት ቃል ይበቃል፤ ወደ ገለጻ ከገባችሁ ይሰለቻል። ቀጥሎ «ምን እየጋጠች ነው?» ስትሉት አዲሱን ቃል ራሱ ያወጣዋል። ከጠየቃችሁ በኋላ በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። ቸኩላችሁ ራሳችሁ ከመለሳችሁ፣ ዝም ካለ መልሱ እንደሚመጣለት ያውቅበታል። «ለምን?» ከ«ምን እያደረገች ነው?» በኋላ ይምጣ።

ስህተት የሚመስለው ሁሉ አለማወቅ አይደለም። አንዲት ልጅ በአንድ ገጽ ላይ ስትሮጥ፣ ስትወድቅና ስትነሳ ከተሣለች ትንሽ ልጅ ሦስት ልጆች ሊያይ ይችላል። ግማሽ አካሏ ከገጹ ጠርዝ ውጭ የቀረ አህያም እግሯ የተቆረጠ ሊመስለው ይችላል። ለልጅቷ፣ ቀሚሷን በጣት እያሳዩ «ያቺው ናት» ማለት ነው። ጅቡን «ውሻ» ካለ ደግሞ፦ «አዎ፣ ውሻ ይመስላል። ጀርባውን እየው፣ ወደ ኋላ ዝቅ ይላል። ጅብ ነው።»

በውጭ አገር ያሉ ወላጆች የአማርኛ መጽሐፍ ማጣትን ምክንያት ባያደርጉ ጥሩ ነው። የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ እዚያው እየተረጎሙ ማንበብ አረፍተ ነገሩን ያንጋድደዋል፤ ጽሑፉን ትቶ ሥዕሉን በአማርኛ ማውራት ይሻላል። «ሮጠ» እና «ሮጠች» የሚምታቱበት ልጅም እግረ መንገዱን ይለማመዳል።

ወደ ኋላ ልግለጥ ካለ ይግለጥ። አንድ ገጽ ላይ አሥር ደቂቃ ከቆየም ቀሪው ለነገ ይደር።