መጀመሪያ ዜማውን ዘምሩልን

እ.ኤ.አ. በ1649 የኔዘርላንድሷ ዩትሬክት ከተማ የሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን የአንድ ማየት የተሳነውን ሙዚቀኛ ደመወዝ ከ80 ወደ 100 ጊልደር ከፍ አደረገለት። ሰውየው ያኮብ ቫን አይክ ነው፤ ዋና እንጀራው የቤተ ክርስቲያን ደወል ነበር። ለጭማሪው የተጠየቀው ግን ሌላ ነገር ነው፦ አልፎ አልፎ አመሻሽ ላይ በግቢው ውስጥ ለሚንሸራሸረው ሰው ትንሿን ዋሽንቱን እንዲነፋለት።

ያቺ ዋሽንት ዛሬ ሪኮርደር የምትባለው ናት። አፏ እንደ ፊሽካ ነው፤ ከፊት ሰባት፣ ከኋላ ለአውራ ጣት አንድ ቀዳዳ አላት። ቫን አይክ የነፋቸውን ዜማዎች ሌሎች ሰዎች ጽፈውለት አምስተርዳም ውስጥ ታተሙ፤ ወደ 150 ይጠጋሉ። የፍቅር ዘፈን አለ፣ የዳዊት መዝሙር አለ፣ ከእንግሊዝ የመጣ የወፍ ዘፈንም አለ። መንገደኛው ሁሉ የሚያውቃቸው ዜማዎች ናቸው።

የእኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። ዛሬ በኮንሰርት አዳራሽ ስንሰማቸው ተጫዋቹ ዜማውን አንዴ ለወጉ ያህል ያሰማንና ወደ ጣቱ ቅልጥፍና ይነጉዳል። እኛም ለጣቱ እናጨበጭባለን።

አንድን ዜማ እየደጋገሙ በየዙሩ የማስጌጥን ጥበብ የደች ሙዚቀኞች «መስበር» ይሉት ነበር። ከቫን አይክ ዜማዎች «አባታችን ሆይ»ን ውሰዱ። መጀመሪያ ዜማው ራቁቱን፣ በረጃጅም ድምፆች፣ ቀስ ብሎ ይመጣል። በሚቀጥለው ዙር አንዱ ረጅም ድምፅ ለሁለት ይሰበራል፣ ከዚያ ለአራት፤ እየቆየ ስባሪው እንደ ጤፍ ይደቃል። አንዳንዴ ተጫዋቹ ድንገት ወደ ታች ይዘልና ወፍራም ድምፅ ጣል አድርጎ ይመለሳል፤ አጃቢ የሌለው ሰው ሁለት ሆኖ ይሰማል። ይህ ሁሉ የሚጥመው ግን አድማጩ ዋናውን ዜማ በልቡ እያንጎራጎረ ከሆነ ብቻ ነው። ዜማውን ለማያውቅ ሰው መሰላል መውጣትና መውረድ ነው። ትዝታን ሰምቶ የማያውቅ ሰው የአንድን ዘፋኝ ቅላጼ ከሌላው ለይቶ ሊያደንቅ ይችላል? እኔ አይመስለኝም።

«የድሮ ዘፈን ዛሬ ማን ያውቃል?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ስለዚህ ይነገረን። አንድ ዘማሪ ወጥቶ ሁለት ስንኝ ቢዘምርልን ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የመዝሙሮቹ ነገር ደግሞ ይብሳል፤ የዳዊት መዝሙሮቹ ዜማ በአንዳንድ የኔዘርላንድስ አብያተ ክርስቲያናት ዛሬም ይዘመራል። እዚያ ያሉ ሪኮርደር ነፊዎች ቲኬት ቆርጦ የገባ እንግዳ ፊት ከሚቆሙ፣ እሁድ ምዕመኑ ዘምሮ ሲወጣ በር ላይ ቆመው ያንኑ መዝሙር ቢሰብሩለት ምን አለበት? ቫን አይክ ጭማሪውን ያገኘው እኮ አዳራሽ ውስጥ በነፋው አይደለም።