የሁሉም የሆነ የይለፍ ቃል

ድሬዳዋ የባቡርና የጉምሩክ ከተማ እንደመሆኗ፣ በከዚራም ሆነ በሌሎች ሰፈሮች በሚገኙ የትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) ቢሮዎች ኮምፒውተሮች ውስጥ ዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ የሚቀርብ የዕቃ መግለጫ)፣ የደንበኞች የንግድ ፈቃድና የመታወቂያ ቅጂ ታጭቆ ይገኛል። አንዱን ኮምፒውተር ሦስትና አራት ሰው መጠቀሙ ነውር የለውም። ነውሩ ሁሉም በአንድ አካውንት፣ በአንድ የይለፍ ቃል መግባታቸው ነው፤ ቃሉም አብዛኛውን ጊዜ የድርጅቱ ስም ከስልክ ቁጥሩ መጨረሻ ጋር ሲሆን፣ በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ይለጠፋል። በሰነዱ ላይ አንድ ቁጥር ተለውጦ ቢገኝ ማን እንደለወጠው የሚታወቅበት መንገድ ስለሌለ፣ ጥርጣሬው በቅርብ ጊዜ በተቀጠረው ሠራተኛ ላይ ያርፋል።

ስለሆነም ሥራው መጀመር ያለበት የይለፍ ቃልን ከማወሳሰብ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን አካውንት ከመክፈት ነው ብዬ አምናለሁ። ዊንዶውስ ለዚህ ተጨማሪ ክፍያ አይጠይቅም። የዕለት ሥራ የሚሠራበት አካውንት የአስተዳዳሪ ሥልጣን፣ ማለትም ሲስተሙን እንደፈለገ የመለወጥ መብት፣ ሊኖረው አይገባም፤ ከከተማችን የታይዋን ገበያም ሆነ ከሌላ ቦታ የተገዛ ያገለገለ ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ሻጩ በከፈተው አካውንት እንዳለ ከመጠቀም ሲስተሙን እንደ አዲስ መጫን ይመረጣል።

የይለፍ ቃል በየሦስት ወሩ ይለወጥ የሚለው ልማድ ብዙም አይጠቅምም። ሠራተኛው «ድሬ1» የነበረውን «ድሬ2» አድርጎ ይገላገላል። የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ብሔራዊ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ቃሉ መጋለጡን የሚያሳይ ምልክት ሳይኖር በቀጠሮ ማስለወጥ እንዲቀር፣ ከምልክት ድብልቅ ይልቅም ለርዝመት ቅድሚያ እንዲሰጥ መክሯል። እርስ በርሳቸው የማይገናኙ አራትና አምስት ቃላት ተደርድረው ለማስታወስ ይቀላሉ፤ ለመገመት ግን ይከብዳሉ።

ብዙ ሰው የሚጠራጠረው ፒንን ነው። ጥቂት አኃዝ ከረጅም የይለፍ ቃል እንዴት ሊሻል ይችላል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ ያለው ፒኑ በሚሠራበት ቦታ ነው፤ የዊንዶውስ ፒን የሚያገለግለው በተፈጠረበት ኮምፒውተር ላይ ብቻ ሲሆን፣ ቲፒኤም የተባለው የደኅንነት ቺፕ ባለበት ማሽን ላይ በተደጋጋሚ የሳተ ሰው ይቆለፍበታል። የማይክሮሶፍት አካውንት የይለፍ ቃል የሰረቀ ሰው ግን ከሌላ አገር ሆኖም በኢንተርኔት ሊገባበት ይችላል። የጣት አሻራም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በእኛ ከተማ ሙቀት ያላበ ጣት አንባቢው አልቀበልም የሚልበት ጊዜ ስላለ ፒኑ አብሮ መኖሩ አይቀርም።

ይህ ሁሉ ከንቱ የሚሆንበት አንድ ቀዳዳ አለ። የመግቢያ የይለፍ ቃል ሃርድ ዲስኩን አይመሰጥርም፤ ማለትም በውስጡ ያለውን ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ አያደርግም። ላፕቶፑን የሰረቀ ወይም ለጥገና የተረከበ ሰው ዲስኩን ነቅሎ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ቢያገናኘው፣ ወይም በፍላሽ ላይ በተጫነ ሌላ ሲስተም ቢያስነሳው፣ ማንም የይለፍ ቃል ሳይጠይቀው ፋይሎቹን ያነባል። መፍትሔው ምስጠራ ነው፤ በዊንዶውስ ፕሮ ቢትሎከር፣ መሣሪያው በሚፈቅድበት የሆም ዕትም ደግሞ የመሣሪያ ምስጠራ ይባላል። ሲበራ የሚሰጠውን ባለ 48 አኃዝ የመልሶ ማግኛ ቁልፍ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ማስቀመጥ ግን ራስን ከውጭ መቆለፍ ነው፤ ታትሞ ከንግድ ፈቃዱ ጋር ካዝና ውስጥ ይቀመጥ።

ጉዳዩ የባለቤቱ ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰውን መረጃ በሚይዙ ላይ የጥበቃ ግዴታ ጥሏል፤ የደንበኛ መታወቂያ የያዘ ቢሮም «ኮምፒውተሩ የግሌ ነው» ብሎ ሊያመልጥ አይችልም።

ባለቤቶች የሚያነሱት ተቃውሞ ሠራተኛ ሲቀር ሥራ ይቆማል የሚል ነው። የጋራ ሰነዶች ሁሉም በየአካውንቱ በሚደርስበት አንድ ፎልደር ከተቀመጡ አይቆምም። ለምሳ ሲወጣ የዊንዶውስን ቁልፍ ከኤል ጋር መጫን ስክሪኑን ወዲያው ይቆልፈዋል፤ ሥራ የለቀቀ ሠራተኛ አካውንት ደግሞ ቁልፍና ማኅተም ባስረከበበት ዕለት መዘጋት አለበት።